የትከሻ አልትራሳውንድ «ጅማቱ ተቆንጥጧል» አለ፤ ምን ያህል ልመነው?

ባለ ጠመኔው | ኅዳር 9

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ53 ዓመት መምህር ነኝ። 28 ዓመት ሙሉ በቀኝ እጄ ጠመኔ ይዤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ከግንቦት ጀምሮ ይኸው ቀኝ ትከሻዬ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል። ከሰሌዳው መሀል በታች ስጽፍ ምንም የለም። እጄ ከትከሻዬ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን ከውጭ በኩል፣ ክትባት የሚወጋበት ቦታ አካባቢ፣ ስለት እንደገባበት ይወጋኛል። የሚገርመኝ፣ እንደምንም ችዬ እጄን ጨርሶ ወደ ላይ ካደረስኩት ሕመሙ ጋብ ይላል። ኮት ስለብስ፣ ከኋላ ኪሴ ገንዘብ ሳወጣ፣ ሌሊት በቀኝ ጎኔ ስተኛ ይብስብኛል። ክረምቱን ትምህርት ሲዘጋ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ መስከረም ላይ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ።

ቤት ውስጥ «ብርድ ነው» ተብሎ በቅባት ታሸሁ፤ ጋቢ ደርቤም ተኛሁ። አልሆነም። ራጅ ተነሣሁ፣ አጥንቱ ደህና ነው ተባልኩ። ከዚያ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ተራዬ የደረሰው ከሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች ቀጥሎ ነበር። በጀርባዬ አስተኙኝና ለእነርሱ ያገለገለውን ሰፊና ጎባጣ መዳሰሻ ትከሻዬ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አንሸራትተው ጨረሱ። እጄን አንሣ ያለኝ የለም፤ የቱ ጋ ያምሃል ብሎ የጠየቀኝም የለም። ወረቀቱን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «የሱፕራስፒናተስ ጅማት ወፍሯል፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ቦታ ይታያል፤ ከፊል መበጠስ ሊሆን ይችላል፤ ቡርሳው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ከጅማት መቆንጠጥ ጋር ይስማማል።»

ይህን ይዤ የሄድኩበት አንዱ ሐኪም «ከላይ ያለው አጥንት በቀዶ ሕክምና መላግ አለበት» አለኝ። ሌላው ደግሞ «አልትራሳውንድ ለትከሻ አይሆንም፣ ኤምአርአይ ተነሥተህ ና» አለኝ። ኤምአርአይ በመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። ይህ ወረቀት ምን ያህል የሚታመን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የምጣዱ ዳር | ኅዳር 9

እግዚአብሔር ይማርዎት መምህር። እኔም እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ፤ ሊጥ ስቀዳና አክንባሎ ሳነሣ ልክ እርስዎ ያሉት ቦታ ያመኝ ነበር። እኔን የረዳኝ ግን ወጌሻ ነው። ሦስት ቀን አሸኝ፣ ጎተት አደረገኝ፣ ተሻለኝ። ከመቀደድዎ በፊት አንድ ደህና ወጌሻ ቢሞክሩ ምን ይመስልዎታል?

ነጭና ጥቁር | ኅዳር 10

መምህር፣ እንኳን ጠየቁ። የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ በአብዛኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ነው። ምስልዎን ሳላይ፣ ክንድዎን ሳልይዝ ይህ ነው አልልዎትም። ስለ ምርመራው አደራረግ ግን የምናገረው አለኝ፤ ከጻፉት ውስጥ ሦስት ነገሮች እንቅልፍ ነስተውኛልና። መተኛትዎ፣ ጎባጣው መዳሰሻ፣ እና እጅዎን ያለማንሣትዎ።

በመጀመሪያ ቦታውን እንየው። የትከሻ ጣሪያ አለ፤ አክሮሚዮን ይባላል፤ ትከሻዎን ከላይ ሲነኩ የሚያገኙት ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ወለሉ የክንድ አጥንት ክብ ራስ ነው። በጣሪያውና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት በጤነኛ ሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ክንድን ወደ ጎን የሚያነሣው የሱፕራስፒናተስ ጅማት ያልፋል። በጅማቱና በጣሪያው መካከል ደግሞ እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ስስ ከረጢት አለ፤ ቡርሳ የምንለው እርሱ ነው። ክንድ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ከፍታ ውስጥ ሲያልፍ እነዚህ ሁሉ ይጨናነቃሉ። እርስዎ «ሲጀምር ይወጋኛል፣ ጨርሼ ካነሣሁት ጋብ ይላል» ያሉት ሐኪሞች ዘወትር የሚጠይቁት ምልክት ነው፤ ሕመም ያለበት ቅስት እንለዋለን። ሳይጠየቁ ራስዎ ነገሩን።

አሁን ወደ መዳሰሻው። ጎባጣው ለሆድ የተሠራ ነው። ጥልቅ ለማየት ሲባል የሚልከው ድምፅ ድግግሞሹ ዝቅተኛ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ። ጥልቀት ያገኛል፣ ጥራት ያጣል። የትከሻ ጅማት ከቆዳ በታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የሚፈልገው ቀጥ ያለ፣ ሊኒየር የሚባል፣ 10 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሚሠራ መዳሰሻ ነው። በጥሩ መዳሰሻ ሲታይ ጤነኛ ጅማት የተዳወረ ፈትል ይመስላል፤ ነጫጭ ክሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። በርዝመቱ ሲታይ ጫፉ ሹል ስለሆነ የወፍ መንቁር ይመስላል። ከቸርኬ ላይ እንደተገጠመ ጎማ የክንዱን ራስ ከቦ የሚታየው ደግሞ በአግድም ሲቆረጥ ነው። ቡርሳው በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ያለ ቀጭን ጥቁር ክር ነው፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን ሁሉ በሆድ መዳሰሻ ለማየት መሞከር በምሽት ጭጋግ ውስጥ የታርጋ ቁጥር እንደ ማንበብ ነው።

አኳኋኑም ወሳኝ ነው። እጅ ከጎን ተዘርግቶ ሲተኙ፣ ልናየው የምንፈልገው የጅማት ክፍል በጣሪያው አጥንት ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። አልትራሳውንድ ደግሞ አጥንትን አልፎ አያይም። ለዚህ ነው ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፉን ኋላ ኪሱ ላይ እንዲያደርግ፣ ክርኑን ወደ ኋላ እንዲገፋ የምናደርገው። ያን ጊዜ ጅማቱ ከጣሪያው ሥር ወደ ፊት ይወጣል።

«ጠቆር ያለ ቦታ» ስለተባለው ልዩ ትኩረት ይስጡልኝ። ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስታርፍ ከአንድ ቦታ ሆነው ሲያዩት ዓይን ያጠፋል። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ካሉ ብርሃኑ የለም። ቆርቆሮው ግን አልተለወጠም። ጅማትም እንደዚሁ ነው። ሞገዱ በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ መዳሰሻው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ ጤነኛው ጅማት ጥቁር መስሎ ይታያል። የተበጠሰ ጅማትም ጥቁር ነው። መለየት የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው፤ እጅን ቀስ አድርጎ መዳሰሻውን ወዲህ ወዲያ ማዘንበል። ጥቁሩ ከጠፋ የማዕዘን ጉዳይ ነበር። ከሁሉም ማዕዘን፣ በርዝመትም በአግድምም ካልጠፋ ያን ጊዜ መበጠስ እንላለን። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ቀርቶ «ከፊል መበጠስ» ተብሎ የተጻፈላቸው ስንትና ስንት ሰዎች እኔ ዘንድ መጥተዋል።

እንቅስቃሴውን በመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ ስለሚበልጥብኝ ነው። ለእረፍት የተቀመጠ ትከሻን ኤምአርአይም ያየዋል፤ እንዲያውም የተሻለ ያየዋል። አልትራሳውንድ ብቻ ያለው ጸጋ ክንዱ እየተንቀሳቀሰ፣ ታካሚው «አሁን! እዚህ ጋ!» እያለ ማየት መቻሉ ነው። መዳሰሻውን ከጣሪያው አጥንት ጠርዝ ላይ አስቀምጬ «ቀስ ብለው ወደ ጎን ያንሡ» እላለሁ። ጤነኛው ጅማት እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ተንሸራቶ ከአጥንቱ ሥር ይገባል። የታመመው ደግሞ ሲደርስ ይንገራገጫል፤ ወይም ቡርሳው ከጠርዙ ውጭ ተጨማዶ ይከማቻል፣ ፈሳሹም ይቋጥራል። በዚያችው ቅጽበት ታካሚው ፊቱን ካኮሳተረ ምስሉና ሕመሙ ተገናኙ ማለት ነው። ፊቱን ሳላይ የምጽፈው «መቆንጠጥ» ግምት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አይቅደዱት፣ ግን አጥንት ለማስላግ አይጠቀሙበት። በትክክለኛው መዳሰሻ፣ ተቀምጠው፣ እያንቀሳቀሱ፣ ከግራው ጋር እያነጻጸሩ ይደገምልዎት።

ባለ ጠመኔው | ኅዳር 10

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቆርቆሮውን ምሳሌ ነገ ለተማሪዎቼ ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ስናገር እጠቀምበታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለምን ከግራው ጋር? ግራዬ አያመኝም እኮ።

ነጭና ጥቁር | ኅዳር 10

በትክክል ስለማያምዎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ40 እስከ 70 ዓመት የሆኑ፣ ትከሻቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 51 ወንዶችን በአልትራሳውንድ መረመረ። ከእነርሱ ውስጥ በ96 በመቶው አንድ ዓይነት «ችግር» ተገኘ። የቡርሳ መወፈር ብቻውን በ78 በመቶው ላይ ነበር። በ53 ዓመት ዕድሜ ጅማት ትንሽ መወፈሩ ፀጉር እንደ መሸበት ነው። የግራ ትከሻዎ ያለ ሕመም ያንኑ ካሳየ፣ የቀኙ ሕመም ምክንያት ይህ ነው ለማለት ቆም ብለን እናስባለን።

አጥንት ጠጋኝ | ኅዳር 11

የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። «መላግ አለበት» ለተባለው እኛው ባለሙያዎቹ መልስ መስጠት ይገባናል።

የሐሳቡ መነሻ ቻርለስ ኒር የተባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጅማቱ የሚጎዳው ከአክሮሚዮን የፊት ጠርዝ ሥር እየተፋተገ ነው፤ ስለዚህ ያ ጠርዝ ቢላግ ጅማቱ ያርፋል አሉ። በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ ወዲያ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ትከሻ ተላገ፤ ብዙዎቹም ተሻላቸው። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን የተሻላቸው ስለተላገ ነው ወይስ ስላረፉና ስለተንከባከቡት ነው የሚለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የታተመው የብሪታንያ ጥናት ይህንኑ ፈተነ። በ32 ሆስፒታሎች 313 ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን አጥንቱ ተላገለት። ሁለተኛው ቆዳው ተበስቶ ካሜራ ገብቶ ታየና ምንም ሳይላግ ወጣ። ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። የተላጉትና ያልተላጉት፣ ሁለቱም መሣሪያ የገባላቸው፣ በውጤት አልተለያዩም። ምንም ካልተደረገላቸው ጋር የነበረው ልዩነትም ታካሚው ልብ የሚለው ዓይነት አልነበረም። በዚያው ዓመት ከፊንላንድ የወጣው ጥናትም ተመሳሳይ አለ። በ2019 የብሪታንያ ሕክምና ጆርናል ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ይህ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል። እኔም ድሮ ልጌአለሁ። ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አልልግም።

ከዚህ የተነሣ ስሙም እየተለወጠ ነው። «መቆንጠጥ» ስንል ታካሚው በሰውነቱ ውስጥ አንድ መቀስ ያለ ይመስለዋል፤ እጁን ማንሣት ይፈራል። አሁን ብዙዎቻችን «ከአክሮሚዮን ሥር የሚነሣ ሕመም» ማለት እንመርጣለን።

የራዲዮሎጂ ባልደረባዬን ግን በአንድ ነገር አልስማማም፤ ወይም ልጨምርበት። አንድ ሰው ወድቆ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሣ «ቀጭ» ብሎ በአንድ ጊዜ ክንዱን ማንሣት ካቃተው፣ ይህ ሌላ ታሪክ ነው። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቀን በጨመረ ቁጥር ጡንቻው ይሸሻል፣ ይከሳል፣ በስብ ይተካል። እዚያ ላይ ኤምአርአይ ያስፈልገኛል፤ ጡንቻው ምን ያህል እንደሸሸ፣ ልሰፋው እችል እንደሆነ ሳላውቅ ቢላ አላነሣም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን የጎድጓዳውን ከንፈር፣ ማለትም የክንዱ ራስ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ዙሪያውን የከበበውን ለስላሳ ቀለበት፣ ጉዳትም አልትራሳውንድ በቂ አያሳይም። «ኤምአርአይ አያስፈልግም» ብሎ ሁሉን መዝጋት እንዳይመጣ ነው።

ነጭና ጥቁር | ኅዳር 11

ዶክተር፣ አልተለያየንም። ሙሉ መበጠስን በመለየት ረገድ በሠለጠነ እጅ አልትራሳውንድ ከኤምአርአይ ብዙ አያንስም፤ ከፊል መበጠስ ግን ያመልጠናል፤ ይህን አልደብቅም። ከመስፋት በፊት የጡንቻውን ሁኔታ ለማየት እኔም ኤምአርአይ ነው የምመክረው። የመምህር ጉዳይ ግን በዝግታ የመጣ፣ ሳይወድቁ፣ ክንዳቸው ኃይል ሳያጣ ነው። ለዚህ በኤምአርአይ መጀመር ከኪሳቸው ማውጣት ብቻ ይሆናል።

አንዷ ልጅ | ኅዳር 12

ይቅርታ፣ በመሀል ገባሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ግራ ትከሻዋን ካመማት ሰባት ወር ሆነ። እርሷ ግን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም በኩል አይታዘዝላትም። ነጠላዋን እንኳን እኔ ነኝ የማጣፋላት። አልትራሳውንድ ተነሥታ «ጅማቱ ደህና ነው» ተባለ። ደህና ከሆነ ለምን አትድንም?

ትከሻ ለትከሻ | ኅዳር 12

እህቴ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ቤት ውስጥ እይልኝ። እናትሽ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ክርናቸውን 90 ዲግሪ አጥፈው ከጎናቸው ያጣብቁ። አሁን አንቺ እጅ አንጓቸውን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ክንዳቸውን ወደ ውጭ፣ እንደ በር ክፈቺው። እርሳቸው ምንም ኃይል አይጠቀሙ። የቀኙ ያለ ችግር እየተከፈተ የግራው እንደ ተቆለፈ በር አልንቀሳቀስም ካለ፣ የጅማት ጉዳይ ሳይሆን የመገጣጠሚያው ሽፋን ደርቆ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ትከሻ ደርቆ መቅረት የምንለው ነው፤ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። የአልትራሳውንዱ «ጅማቱ ደህና ነው» የሚለው ውጤት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሕመሙ ቦታ ግን ሌላ ነው። ይህን የሚለየው የሐኪም እጅ እንጂ ምስል አይደለም። ስኳራቸውን በደንብ መቆጣጠርም ከሕክምናው ጋር የሚሄድ ነው። ሐኪም ያያቸው።

ለወይዘሮ የምጣዱ ዳርም አንድ ቃል። ወጌሻ በአገራችን ስንት ሰው ያቃና ባለ ሙያ ነው፤ አልንቅም፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እጄን ያቃናልኝ ወጌሻ ነው። ነገር ግን ቡርሳው በቆጣበት ወይም ጅማቱ በተበጠሰበት ጊዜ በኃይል መጎተት ሊያብስ ይችላል። ከወደቁ በኋላ ያበጠ ትከሻ ደግሞ የተሰነጠቀ አጥንት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ሳይነሡ እባክዎ አያስጎትቱ።

የምጣዱ ዳር | ኅዳር 12

እሺ ልጄ፣ ገባኝ። ያኔ ስወድቅ አልነበረም፤ ከአሁን በኋላ ግን እጠነቀቃለሁ።

ፍራንክፈርት ነኝ | ኅዳር 13

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጀርመን የአጥንት ሐኪሙ ራሱ ነው በቢሮው አልትራሳውንድ የሚያደርገው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ስሰቅል ነው ትከሻዬ የታመመው። ሐኪሜ መጀመሪያ እጄን ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ አስነሣኝ፤ በኃይል እየገፋኝ «ተቃወም» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጄሉን የቀባኝ። የእኔ መልክ ሌላ ነበር፤ በጅማቱ ውስጥ የካልሲየም ክምችት ተገኘ። ስክሪኑ ላይ ደማቅ ነጭ ጠጠር፣ ከሥሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ አየሁት። «መቆንጠጥ» ይሏት የነበረችው ያቺ ጠጠር ነበረች። ጥሩ ሐኪም ለማግኘት ግን ብዙ ቀጠሮ ጠብቄአለሁ፤ ሁሉ ቦታ አልጋ በአልጋ አይደለም።

ባለ ጠመኔው | ኅዳር 13

እስቲ ስለ መርፌው ንገሩኝ። አንዱ «በአልትራሳውንድ እየታየ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ሕመሙን በአንድ ጊዜ ይነቅልልሃል» ብሎኛል።

ትከሻ ለትከሻ | ኅዳር 14

መምህር፣ መርፌው ስቴሮይድ ነው፤ ለሕመሙ የተወሰኑ ሳምንታት እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። መርፌውን በአልትራሳውንድ እያዩ መውጋት አቅጣጫውን ያሳያል፤ ሆኖም በልምድ በእጅ ከሚወጋው ይልቅ ታካሚውን የበለጠ እንደሚያድን ጥናቶች አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2021 በላንሴት የወጣ ሌላ የብሪታንያ ጥናት 708 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ መርፌ የወሰዱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ቀለል አላቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ካልወሰዱት አልተለዩም። እኔን ይበልጥ የነካኝ ሌላው ግኝት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በባለሙያ በደንብ ተመክረው በቤታቸው የሠሩትና እስከ ስድስት ጊዜ እየተመላለሱ የሠሩት እኩል ነው የተሻላቸው። ይህ ማለት ለታክሲና ለካርድ ገንዘብ ያጠረው ሰው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ ከነሣዎት መርፌው ልምምድ ለመጀመር ዕድል ይሰጥዎታል፤ በተደጋጋሚ መወጋት ግን ለጅማቱ አይበጅም።

የሚሠሩትን ልንገርዎት። ሐኪምዎ ሙሉ መበጠስ እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ነው። ከውስጥ ጎማ የተቆረጠ ረዘም ያለ ቁራጭ ያግኙ፤ ጎሚስታ ቤት አያጡም። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ይሰሩ። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው፣ በብብትዎ የታጠፈ ፎጣ ይያዙ፤ ጎማውን ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይሳቡ፣ ከዚያም በዝግታ ይመልሱ። ሲመልሱ አይቸኩሉ፤ መመለሱም የልምምዱ ክፍል ነው። ትንሽ ሕመም ቢሰማ አይፍሩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ካደረ ግን በዝቷልና ይቀንሱ። ቢያንስ 12 ሳምንት ይስጡት። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ ይተዋል፤ ልቤን የሚሰብረኝ ይህ ነው።

ሰሌዳውን በተመለከተ ደግሞ ከሥሩ ረጋ ያለ መቆሚያ ያስደርጉ። አንድ ስንዝር ከፍ ካሉ እጅዎ ያችን ክፉ ቅስት አይነካም።

አጥንት ጠጋኝ | ኅዳር 14

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ሕመሙ ከክርን አልፎ ወደ ጣቶች የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ከሆነ አንገት ይታይ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ጋር ከመጣ ትከሻ እያሹ አይቆዩ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ካለ ሳንባ ነቀርሳ ወደ መገጣጠሚያ ሊገባ እንደሚችል አንርሳ።

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 21

ወገኖቼ፣ ዝም ያልኩት የምነግራችሁ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ስልክ እየደወልኩ ስጠይቅ ሦስተኛው ቦታ «የጡንቻና የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ እንሠራለን» አለኝ። ልጅ እግር ሐኪም ናት። መጀመሪያ ሸሚዜን አስወልቃ ከኋላዬ ቆመችና እጆቼን እንዳነሣ አደረገችኝ፤ የትከሻ አጥንቶቼ እንዴት እንደሚሄዱ አየች። ከዚያ የምትሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከፊት ያለውን የክንድ ጡንቻ ጅማት አየችው። እጄን ወደ ውጭ አዞረች። ቀጥላ «እጅዎን ኋላ ኪስዎ ላይ» አለች። እኔም «የወፍ መንቁሩ ይኸው!» አልኩ። ደንግጣ ዞራ አየችኝ፤ ከዚህ እንደተማርኩ ነገርኳት።

ጥቁሩ ቦታ መዳሰሻውን ስታዘነብል ጠፋ። በዓይኔ አየሁት፤ ሲጠቁር፣ ሲነጣ፣ እንደገና ሲጠቁር። አንድ ወር ሙሉ «ጅማቴ ተበጥሷል» ብዬ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር በእጇ አንጓ እንቅስቃሴ ጠፋ። መበጠስ የለም። ቡርሳው ግን እውነትም ወፍሯል፤ እጄን ወደ ጎን ሳነሣ ከአጥንቱ ጠርዝ ላይ ሲጨማደድ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው «እዚህ ጋ!» ያልኩት። ግራዬንም አየችው። እዚያም ጅማቱ ወፈር ብሏል፣ ሳያመኝ። ወረቀቱ ላይ ያንንም ጻፈችው።

ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በጎማው እየሠራሁ ነው። አራተኛ ሳምንቴ ነው። ድኛለሁ አልልም። ግን ከትናንት ወዲያ ሌሊት ስነቃ ራሴን በቀኝ ጎኔ ተኝቼ አገኘሁት። የትምህርት ቤታችን አናጢ መቆሚያውን ከአሮጌ ዴስክ ሠርቶልኛል።

አንዷ ልጅ | ታኅሣሥ 22

መምህር፣ እንኳን ደስ አለዎት። እናቴም እንዳሉት ትከሻዋ ደርቆ ነው የተገኘው፤ ሕክምና ጀምራለች። ስልክ ሲደውሉ ምን ብለው ነው የጠየቁት? ለአጎቴም እፈልጋለሁ።

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 22

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እንዲህ ብዬ ነው፦ ቀጥ ያለው መዳሰሻ አላችሁ? ተቀምጬ እጄን እያንቀሳቀስኩ ታዩታላችሁ? ሁለቱንም ትከሻ ታያላችሁ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦታዎች «መጥተው ይዩ» ብቻ አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ስልኩን ለሐኪሟ ሰጧት፤ «አዎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ጠዋት ይምጡ» አለችኝ።